የጥሞና ቤቱ መቃን

ጸጥታ ፍለጋ መጥቶ እንደ ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ የሚንጫጫ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እዚሁ ሮም ዳር፣ ዝነኛ ሙዚቀኞች በወጣትነታቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠውበታል በሚባል አሮጌ የጥሞና ቤት አግኝቼዋለሁ፤ ያውም አዳራሽ ሙሉ ሆኖ።

እኔና እትዬ ዘነበች በየሰው ቤት አሮጊት እንጦራለን። የእኛ የምንላት የሐሙስ ከሰዓት ብቻ ናት፤ ከእሷም ላይ አንድ ሰዓት ዝም ብለን ልንቀመጥ ሄድን። ዝም ማለት የት አለ! አንዱ «ያ ዝነኛ ዘፋኝ የተቀመጠው የትኛው ትራስ ላይ ነው?» እያለ ይጮኻል፤ ሌላዋ ትራሱን አቅፋ ፎቶ ትነሣለች።

እትዬ ጸሎት የሚደረስበትን ደጅ ሳይሳለሙ አያልፉምና ነጠላቸውን አጣፍተው የበሩን መቃን ሳሙ። ምን የተከተለ ይመስላችኋል?

«አሎራ፣ እንግዲያውስ ዘፋኙ የተደገፈው እዚህ ነዋ!» አለ አንዱ። ሁሉም ተግተልትለው ወጡና መቃኑን ለመሳም ተሰለፉ።

«ኧረ ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?» አሉኝ እትዬ ደንግጠው።

«ምንም። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

ባዶው አዳራሽ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። የጥዱ ጥላ ወለሉን ቀስ እያለ አቋረጠ፤ ከደጅ የሚሰማው የመሳም ድምፅ የሩቅ ካፊያ መሰለኝ። ኋላ እትዬ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ሰዓታችን ደረሰ እንዴ?» አሉኝ።

ካለፈ ቆይቷል። «ገና ነው» አልኳቸው።