ክቡር አማካሪ ጋሼ ምናሴ እና የጌም ላፕቶፑ

በየከተማው ራሱ ምንም ሳይገዛ የሰውን ግዢ ሁሉ የሚመራ አንድ ሰው አይጠፋም። ሱቅ የለውም፣ ደላላም አይደለም፣ ከማንም ሳንቲም አይቀበልም። ነገር ግን እሱን ሳያማክር ባልዲ የገዛ ሰው ባልዲውን በጓሮ በር ነው የሚያስገባው። ሸዋሮቢት ላይ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ከመንገድ ሥራ በጡረታ የተገለሉት ክቡር አማካሪ ጋሼ ምናሴ ናቸው።

ጋሼ ምናሴ አንድም ዕቃ አጥላልተው አያውቁም። ጣጣውም የሚመጣው ከዚህ ነው። ያወድሱታል፣ ያወድሱታል፣ ሰውየው ሊገዛ ቆርጦ ሲነሳ "ግን ደግሞ አስተውል" ይላሉ። ከዚያች "ግን ደግሞ" በኋላ ልቡን ይዞ የተመለሰ ገዢ የለም። ኑረዲን ባጃጅ ሊገዛ እሳቸው ዘንድ ሲመላለስ ሰንብቶ በመጨረሻ ፍየሎች እየነዳ ቤቱ ገባ። ለምን ፍየል እንደገዛ ሲጠየቅ ዛሬም ወደ ፍየሎቹ ዞሮ ያያል። ከጎጃም ተመድባ የመጣችው ነርስ ራሔል የስፖንጅና የስፕሪንግ ፍራሽ ልዩነት ተብራርቶላት እስኪያልቅ ምንጣፍ ላይ ተኝታ ከረመች። የራሳቸውም ቤት አልተረፈም። ባለቤታቸው እትዬ አመለወርቅ በዚያ ሁሉ ሙቀት ውሃ የሚያቀዘቅዙት በእንስራ ነው፤ ፍሪጁ ገና እየተመረጠ ነዋ።

እመቤት ይህን ሁሉ ታውቃለች። እያወቀች ሄደች።

እመቤት አውራ ጎዳናው ዳር ባለች ጠባብ ሱቋ ፎቶ ታነሳለች፣ የሠርግ ቪዲዮም ትሠራለች። ገና ድክ ድክ የምትለውን ልጇን ሊያን በአንድ እጇ እያባበለች በሌላው ኤዲት ታደርጋለች። የከዳት አሮጌው ላፕቶፕ ነው። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ቪዲዮውን ቆርጣ ቀጥላ፣ ዘፈን ጨምራ "በል እንግዲህ አውጣልኝ" ስትለው ቀኑን ሙሉ ያምጣል። ሊጨርስ ትንሽ ሲቀረው መብራት እልም ይላል። ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው።

የሳፊያ ሠርግ ቪዲዮ እንዲህ ሲወድቅ ሲነሳ ሙሽራዋ ነፍሰ ጡር ሆነች። የሳፊያ እናት በሱቁ በር ባለፉ ቁጥር ሰላምታቸውን ካደረሱ በኋላ "አይዞሽ፣ ኢንሻአላህ ለልጁ ሠርግ ይደርሳል" ማለት ጀምረዋል። እመቤት ትስቃለች፤ ሆዷ ግን አይስቅም። ይህን ካላስረከበች የሚቀጥለው ባለ ሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ የሚያስመጣው ከደብረ ብርሃን ነው፤ ሱቋም ጉርድ ፎቶ ብቻ ይዛ ትቀራለች።

እንግዲህ የእቁብ ዕጣ ሲወጣላት ለላፕቶፕ አደረገችው። ወንድሙ የሚባለው ሚኒባስ ነጂ እሁድ ጠዋት አዲስ አበባ ይሄዳል። መርካቶ ያለ ነጋዴም ሁለት ላፕቶፕ ለይቶ ፎቷቸውን በስልክ ልኮላታል። አንደኛው ለኮምፒውተር ጨዋታ የተሠራ፣ ፈጣን የሆነ አዲስ የጌም ላፕቶፕ ነው፤ ቁልፎቹ ቀይ መብራት ያበራሉ፣ የእቁቡንም ብር አንድ ሳያስቀር ይበላል። ሁለተኛው "ስላሽ" የሚሉት፣ ውጭ አገር ቢሮ አገልግሎ የመጣ ግራጫ ዕቃ ነው። በዋጋው ረከስ ያለ፣ ሲያዩት ጨዋ የሚመስል፤ የሚተርፈው ብር ደግሞ የሱቁን ጣሪያ ያሳድሳል።

ጋሼ ምናሴ ስልኩን አንዴ አርቀው አንዴ አቅርበው አዩ። መጀመሪያ የጌሙን አነሱ። ውስጡ ሁለት ማራገቢያ እንዳለው ሲሰሙ ሊቆሙለት ምንም አልቀራቸውም፤ በዚህ ከተማ ሁለት ማራገቢያ ያለው የሆቴል ክፍል የት ይገኛል? እመቤት ቆርጣ ተነሳች። "ግን ደግሞ አስተውዪ" አሉ። ማራገቢያ ነፋስ ይስባል፤ ነፋስ ብቻውን አይመጣም፤ በዙሪያችን በቀወት ማሽላ ሲወቃ የሚነሳው እብቅ ሁሉ የት ሊገባ ነው?

በማግስቱ ተራው የስላሹ ሆነ። አገልግሎ የተመሰከረለት ዕቃ፣ እንደ ልምድ ያለው ሠራተኛ፣ ዓይን ተጨፍኖ ይወሰዳል አሉ። እሷም ደስ ብሏት አመሰገነች። "ግን ደግሞ አስተውዪ" መጣ። ስላሹ የኖረው በረዶ አገር ነው። በረዶ ለምዶ የኖረን ነገር በአንድ ጀምበር እዚህ ምድጃ ውስጥ መጣል ግፍ አይሆንም ወይ? ምናልባት ደብረ ሲና ላይ ጥቂት ቀን ሰንብቶ አየሩን እየለመደ ቢወርድ ይሻላል። እመቤት ይህን ሰምታ መሳቅ ሲገባት፣ ደብረ ሲና ላይ ማን ዘንድ እንደምታሳርፈው ስታሰላ ዋለች።

በቤቷም የባሏ እህት የሺ "ለልጆች መጫወቻ እቁብ ይበላል እንዴ? ላም ግዢ" አለቻት። ጎረቤት ፍሪጅ ይሻላል ይላል። ባሏ ፍፁም ደግሞ "አንቺ እንዳልሽው" አለ፤ እሷ ግን እስካሁን ምንም አላለችም። ቅዳሜ ላይ ነገሩ እንዲህ ዞሮባት፣ ለጉርድ ፎቶ የመጣውን ሰው ወንበር ላይ አስቀምጣ ካሜራውን ካነጣጠረች በኋላ "አዲስ ነህ ወይስ ያገለገልክ?" ልትለው ትንሽ ቀራት።

እሁድ ጠዋት መናኸሪያ ደረሰች። ሚኒባሱ ሞልቶ፣ ሞተሩ ተነስቶ፣ አንድ ወንበር ብቻ ቀርቶታል። ወንድሙ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ የትኛውን እንደሚያመጣ ጠየቃት። አፏን ስትከፍት ጋሼ ምናሴ ካፖርታቸውን በክንዳቸው ይዘው እያለከለኩ ደረሱ።

"ቆይ ወንድሙ፣ ትልቁን ነገር ረስተነዋል፤ ባትሪውን" አሉ። "የጌሙ ባትሪ እንደ ተጠማ በሬ ነው፣ ያለውን ጨልጦ ያቆማል። ስላሹ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚጠጣው።"

ከኋላ ወንበር አንዲት ወይዘሮ "ኧረ በማርያም፣ ለቅሶ ነው የምንሄደው" አሉ።

እመቤት ጋሼ ምናሴን አየቻቸው። ሰሞኑን ከባሏ በቀር ያነጋገራት ሁሉ፣ ላም ያለውም ፍሪጅ ያለውም፣ ሕፃን የታቀፈች ሴት ላፕቶፕ ምን ያደርግላታል ሲላት ነው የሰነበተው። እኚህ ሰውዬ ግን ያን ሁሉ ቀን ሲያዞሯት መግዛቷን አንዴም አልጠረጠሩም። ለእሳቸው የእመቤት ላፕቶፕ ያለቀ ነገር ነው፤ የቀረው የትኛው መሆኑ ብቻ። ይህን ስታስብ ያ ሁሉ የተወሳሰበ ነገር ተፈታላት።

"ጋሼ፣ ባትሪውስ ይለቅ" አለች። "እኔን ያቃጠለኝ ሥራው አለማለቁ ነው። ፈጣኑ መብራት ሳይሄድ ይጨርስልኛል። ወንድሙ፣ የጌሙን አምጣልኝ።"

ጋሼ ምናሴ ካፖርታቸውን ለብሰው በቀረችው ወንበር ላይ ገብተው ተቀመጡ፤ ዕቃ ሲፈተሽ አጠገቡ የሚያውቅ ሰው መቆም አለበት አሉ፣ በራሳቸው ሒሳብ። እመቤት ደንግጣ በመስኮቱ በኩል ወንድሙን፣ እሳቸው መንገድ ላይ የፈለጉትን ቢሉ እሷ ያለችውን እንዲያመጣ አስማለችው።

ሰኞ ከቀትር በኋላ ሚኒባሱ ተመለሰ። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ አለቀ፣ ጋሼ ምናሴ ግን አልወረዱም። ካርቶኑ ጉልበታቸው ላይ ነው። ወንድሙ እንደተናገረው ጣሪያ ላይ ይንገላታል፣ ከወንበር ሥር ሙቀት አለው ብለው ከመርካቶ ጀምሮ ታቅፈውት መጡ። ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ውሃ ይንጠባጠባል ብለው ካፖርታቸውን አልብሰውታል። እግራቸው ደንዝዞ ሁለት ሰው ደግፎ አወረዳቸው፤ ካርቶኑን ግን ሱቅ እስኪደርሱ ለማንም አልሰጡም።

የሳፊያ ቪዲዮ በዚያው ዕለት ገባበት። እመቤት አንድ ዓይኗን አምፖሉ ላይ፣ አንድ ዓይኗን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ሊያ ቀይ መብራቱን ለመያዝ ስትንጠራራ፣ ጋሼ ምናሴ ትንፋሻቸውን ውጠው ሲያዩ፣ ቪዲዮው ወጣ። አምፖሉ አሁንም እየበራ ነው።

"አለቀ?" አሉ።

"አለቀ፣ ጋሼ።"

ጉልበታቸውን እያሹ ላፕቶፑን ብዙ አዩት። "ያኛውም እኮ ክፉ አልነበረም" አሉ።

"ግሩም ዕቃ ነበር፣ ጋሼ" አለች እመቤት፤ እግራቸውን እንዲዘረጉበትም አንድ ዱካ ወንበር ሳብ አድርጋ አቀረበችላቸው።