ካፒቴን ሜርቪንና አለት ውስጥ የተቀረቀረችው ኤሊ

በየቤተሰቡ አንድ ካፒቴን አለ። የብስ ላይ የሚሰማው የለም፤ ቴሌቪዥን እንኳ የሚከፍተው አስፈቅዶ ነው። እግሩ ጀልባ ከረገጠ ግን አንቱ ይሆናል። የእኛ ቤት ካፒቴን አባቴ ናቸው፦ ክቡር ሜርቪን ታሊ፣ ጡረታ የወጡ የቧንቧ ሠራተኛ፣ የአንዲት አሮጌ ባለ ሸራ ጀልባ የበላይ አዛዥ። ጀልባዋ በእናቴ ስም ዶሪን ትባላለች። ልዩነታቸው፣ እንደ ክቡርነታቸው አባባል፣ ጀልባዋ አንዳንዴ መታዘዟ ነው።

ካፒቴን ሜርቪን የአየር ትንበያ አይሰሙም። ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ወደ ሰማይ ያነሱና «በኔ ይሁንባችሁ፣ ዝናብ የለም» ይላሉ። ይሄኔ ሁላችንም የዝናብ ልብስ ፍለጋ እንነሳለን። አምና ጀልባዋ አሸዋ ላይ ተቀምጣ ግማሽ ቀን ስንገተር፣ ሆን ብለው ለምሳ እንዳቆሟት አስረድተውናል። ምሳ ከበላን ቆይቶ ነበር።

ዘንድሮ ለገና ዕረፍት የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ቲሊ «ኤሊ እንቁላል ስትጥል ካላየሁ» ብላ አስቸገረች። ከወደብ ከተማዋ ከቡንዳበርግ ተነስተን ወደ ሌዲ መስግሬቭ ደሴት ስንጓዝ ካፒቴኑ መንገዱን ሙሉ አስተማሩን።

«የባሕር ኤሊ መንገድ አትስትም» አሉ መሪውን እንደያዙ። «እኔና እሷ በዚህ እንመሳሰላለን።»

«አሸዋ ላይ በመቀመጥም ትመሳሰላላችሁ» አለች እናቴ።

አመሻሹ ላይ አንድ ዛፍ ሥር ደርድረው አስቀመጡን። መብራት ተከለከለ፤ ወሬ ተከለከለ፤ የብስኩት ወረቀት ማንኮሻኮሽም ተከለከለ። «የምትወጣው እዚች ጋ ነው፣ በኔ ይሁንባችሁ» ብለው ባሕሩ ላይ አፈጠጡ። እኛም አፈጠጥን። ብዙ ከቆየን በኋላ ቲሊ እጅጌዬን ሳብ አደረገችኝ። ለካ ኤሊቱ በሌላ በኩል ወጥታ ከኋላችን ጉድጓዷን እየቆፈረች ኖሯል። በመቅዘፊያ እግሯ የወረወረችው አሸዋ የካፒቴኑ ማጅራት ላይ አረፈ።

«ማነው እሱ?» አሉ በቁጣ፣ ሳይዞሩ።

ከዚያ ዞረው አዩ። የገበታ ጠረጴዛ የምታህል ኤሊ ነበረች፤ ከቅርፊቷ ጠርዝ አንድ ቦታ ተሸርፏል። ነጫጭ ክብ እንቁላሎቿን ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት እያደረገች ስትጥል በዓይኗ ውሃ ይወርዳል።

«አያዬ፣ እያለቀሰች ነው» አለች ቲሊ በሹክሹክታ።

«ጨው ነው የምታስወጣው» አሉ ክቡርነታቸው፣ የራሳቸውን ዓይን በእጅጌያቸው እየጠረጉ።

ጉዳዩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ይህን አልጽፍም ነበር። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ዳርቻውን ልናይ ከጀልባዋ ወረድን፤ ያቺው የተሸረፈችዋ ኤሊ ሁለት አለቶች መሃል ተቀርቅራለች። ወደ ባሕሩ ስትመለስ ውሃው ሸሽቶባት ኖሯል። አንገቷን ማንሳት አቅቷታል። ያገሬ የታኅሣሥ ፀሐይ ደግሞ፣ ሙቀቱ የሚብስበት ወር ነውና፣ ምሕረት የላትም።

እዚህ ላይ አንቱታውን ልተወው። አባቴ እየሮጠ ጀልባዋ ላይ ወጣና በሬዲዮ የደሴቱን ፓርክ ጠባቂ ጠራ። ሴትየዋ ሩቅ ነበረች። «እንዳትጎትቷት፣ ትጎዳለች። ጥላ አድርጉላት፣ ውሃ አፍስሱባት። ባሕሩ ሲሞላ ራሷ ትወጣለች፣ እስከዚያ በሕይወት ከቆየች» አለችው።

«እሺ» አለ አባቴ። ከሬዲዮ ምክር ተቀብሎ አያውቅም።

ባለፈው ወር የገዛውን፣ እጃችንን ሳንታጠብ እንዳንነካው ያዘዘንን አዲስ ሸራ ይዞ መጣ። በመቅዘፊያዎቹ ወጥሮ ጥላ ሠራላት። ከዚያ በሰባ አንድ ዓመት ጉልበቱ አለቱ ላይ ተንበርክኮ፣ እኛ በባልዲ የምናቀብለውን ውሃ ቀስ እያለ ያፈስባት ጀመር። ሦስት ሰዓት ያህል አንድ ትእዛዝ አልሰጠንም።

«አያዬ፣ ትተርፋለች?» አለችው ቲሊ።

«አላውቅም» አለ።

ይህን ቃል ከአፉ ለመስማት ሠላሳ ስምንት ዓመት ጠብቄያለሁ። ስሰማው ግን ባልዲ ይዤ ወደ ውሃው ሮጥኩ። እናቴም ባልዲዋን አስቀምጣ አየችው።

ውሃው መጀመሪያ ጉልበቱን፣ ቀጥሎ የኤሊቱን ደረት ነካ። አንዴ ተንቀሳቀሰች። ቆይታ እንደገና። ድንገት አንድ ትልቅ ማዕበል መጣና ከአለቱ አነሳት፤ በእግሯ ሸራውን መሃል ለመሃል ተርትራው፣ አባቴን በጀርባው ጥላው ሄደች። እሱም እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ እንደተዘፈዘፈ ይስቅ ጀመር። ሸራውን ዞር ብሎም አላየው።

ጀልባዋ ላይ ተመልሰን እናቴ ሻይ አፈላች፣ ኬክ ቆረስን። ካፒቴን ሜርቪን ፎጣ ተከናንበው መሪው ጋ ተቀመጡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንደነገርኳችሁ ነው» አሉ። «ትተርፋለች ብዬ ነበር።»

ቲሊ አፏን ከፈተች። አንድ ሙሉ ቁራሽ ኬክ አጎረስኳት።

«ነግረኸናል ሜርቭ» አለች እናቴ፣ ሻዩን እያቀበለችው።