በነፋስ የተጠበሰ ዓሣ

«ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይል ነበር አባቴ፣ እንጀራ በቀረበ ቁጥር፣ እጁ ላይ ውኃ ሲፈስለት። ይህን ሳይል የቆረሰበት ቀን ትዝ አይለኝም። አብሮት የሚበላ ሲያጣ ደጅ ወጥቶ መንገደኛ ይጣራል፤ መንገደኛ ሲያጣ እናቴን ሥራ ያስፈታታል። እንዲህ ያለ ሰው፣ አንድ ቀን እንኳ ብቻውን ሳይበላ፣ ከብልባላ ገበያ ሲመለስ መንገድ ላይ ብቻውን ሞቶ ተገኘ። አጠገቡ የቆመችው አህያው ብቻ ነበረች። ከዚያ ወዲህ እኔ ተረት ሲነገር ራሴን እነቀንቃለሁ እንጂ አልምልበትም። ተረትም እንደ ሰው ነው፤ አብዛኛውን ቀን ልክ ይሆናል፣ አንዳንድ ቀን ይስታል።

ቢሆንም የአባት ቃል ከአጥንት አይወጣም። እናንተ የምታነቡልኝ ሰዎች ምናልባት ከተማ ትኖሩ ይሆናል፤ እያንዳንዳችሁ በየሳህናችሁ፣ ዓይናችሁን ስልክ ላይ ተክላችሁ ትበሉ ይሆናል። አልፈርድባችሁም፤ ጊዜው ያመጣው ነው። እኛ ላስታ ላይ ግን ብቻውን ሲበላ የተገኘ ሰው፣ ሲሰርቅ ከተገኘው ይበልጥ ያፍራል። ሌባው ቢያንስ «ርቦኝ ነው» ይላል።

እኔ ብራና ፋቂ ነኝ። ዳዊት ደግሜ ከዚያ ወዲያ አልተማርኩም፤ መጻፉን ለሚችሉት ትቼ የሚጻፍበትን ቆዳ አዘጋጃለሁ። ይህንንም የምጽፈው እንደምናገረው ስለሆነ ብትስቁብኝ አልቀየምም።

ባለቤቴ የሺ መስከረም ሲወጣ ልቧን ታመመች። ወልድያ ወስደን አስመረመርናት። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ግን እናቱን እንደሚያክም ሰው ቀስ ብሎ ነገረን። ልቧ ደክሟል፣ ሰውነቷም አልቋል አለ። ቅቤና ጮማ ይቅሩ፣ ጨው ይቀነስ፣ መድኃኒቱን በባዶ ሆድ እንዳትውጥ፤ ሽሮውም ባቄላውም ሆዷን የሚነፋት ከሆነ ዓሣ ትብላ፤ ካልበላች ግን መድኃኒቱ ብቻውን አያቆማትም። ዓሣ! እኛ አገር ሰው ዓለት ፈልፍሎ ቤተ መቅደስ ያወጣል እንጂ መረብ ጥሎ አያውቅም። እኔ ዓሣን የማውቀው ከአምስቱ እንጀራ ጋር ሲነበብ ሰምቼ ነው።

ልጃችን ሙሉ አዲስ አበባ ሆቴል ቤት ወጥ ቤት ትሠራለች። ነገሩን ስትሰማ ጊዜ አላጠፋችም፤ በአውሮፕላን ለሚመጣ ሰው ሁለት ዕቃ አስይዛ ላከች። አንደኛው ሳልመን የሚባል፣ በበረዶ የደነደነ፣ ሥጋው እንደ በሰለ ብርቱካን የቀላ ዓሣ ነው። ሁለተኛው ኤር ፍራየር ነው። ማድጋ የሚያህል ጥቁር ዕቃ፣ ሆዱ እንደ መሳቢያ የሚሳብ። ዘይት አይጠጣም፣ እሳት የለውም፤ በትኩስ ነፋስ ይጠብሳል። በነፋስ ገብስ እንጂ ዓሣ ሲበጠር... ማለቴ ሲጠበስ ማን አይቶ ያውቃል?

ታዲያ ዕቃው ሲደርስ የነቢያት ጾም ገብቷል። ሙሉ በስልክ «አባዬ፣ ዓሣ እኮ የጾም ነው፤ እዚህ ሁሉም ይበላዋል» አለችኝ። እዚያ ይሆን ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን ደም የነበረው ሁሉ ፍስክ ነው። ዓሣው ከአዲስ አበባ ሲሳፈር የጾም ነበር፤ ላሊበላ ሲወርድ ፍስክ ሆኖ ወረደ። ስንት ሰውም እንዲሁ ይሆናል፤ አገር ሲለውጥ ኃጢአቱም ጽድቁም ይለወጣል።

ማስቀመጫ የሚሆን ማቀዝቀዣ የለኝም። በጾም ባዶውን የሚያንጎራጉር ማቀዝቀዣ ያለው ሥጋ ሻጩ ሲሳይ ነው፤ እሱ ዘንድ አኖርኩት። በየጊዜው ልወስድ ስገባ የሰፈሩ ተሳላቂዎች ደጁ ላይ አሉ። «አያ ፈንታ፣ በጾም ሥጋ ቤት ተዘወተረሳ! ብራናው ሰለቸህ?» ይሉኛል። እኔም ዓሣዬን ይዤ አልፋለሁ። ለሚስቴ ነው ብል እሷን ማስወራት ይሆንብኛል።

የነፍስ አባታችንን ቄስ ሞገስን አስቀድሜ ጠይቄ ነበር። ገና ሳልጨርስ «ለበሽተኛ መድኃኒት ነው፤ ትብላ፤ እኔ ፈትቻታለሁ» አሉ። ስለዚህ በር ዘግቼ፣ በስመ አብ ብዬ፣ ወንድ ልጅ ሆኜ ወጥ ሠሪ ሆንኩ።

የመጀመሪያውን ዓሣ ገደልኩት። ለነገሩ ሞቶ ነው የመጣው፤ እኔ ግን ደገምኩት። ዕድሜዬን በሙሉ ቆዳን ከሥጋ ስለይ የኖርኩ ሰው ነኝና፣ እጄ ሳላዘው የዓሣውን ቆዳ ገፎ ጣለው። ከቆዳ መጽሐፍ ይሆናል፣ ከበሮ ይሆናል፤ ምግብ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል? ቆዳ የሌለው ሥጋ ነፋሱ ውስጥ ገብቶ እንደ ማገዶ ፍልጥ ደርቆ ወጣ። የሺ አየችው፤ ከእኔ ጋር እንጀራዋን በውኃ አርሳ ትንሽ ጎረሰች፣ መድኃኒቷን ዋጠች፣ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ለሙሉ ብነግራት ሳቀች። ከወራት በኋላ ስትስቅ መስማቴ ነበርና አልከፋኝም። ዋናው ቆዳው ነው አለችኝ። በንጹሕ ጨርቅ ጠብ እስከማይል አድርቀው፤ ቆዳው ላይ ዘይት በጣትህ አስነካው፤ ጨው በቁንጥጫ ብቻ፣ ሎሚ በላዩ፤ ቆዳውን ወደ ላይ አድርገህ አስገባው፤ ነፋሱ ሲመታው ይንኮሻኮሻል፣ ሥጋውን ከሥር ከድርቀት ይጠብቅልሃል። እርጥብ ቆዳ አይሆንም ስትለኝ ግን ገባኝ። ብራናም እንዲሁ ነው፤ ርጥበት ያለበት ቆዳ ቀለም አይዝም። «እንዲህ በይኝ ከመጀመሪያው» አልኳት።

ሁለተኛው ዓሣ፣ መብራትም ሳይጠፋ፣ ሥጋው እርጥብ ሆኖ፣ ቆዳው እንደ ቆሎ እየተንኮሻኮሸ ወጣ። ሽታው ቤቱን ሞላው። በዚያ ቅዝቃዜ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምጾም ሰው፣ ምራቄን ስንት ጊዜ እንደዋጥኩ እግዚአብሔር ያውቀዋል። አቀረብኩላት። የሺ አየችው፣ እኔን አየችኝ።

«አንተስ?» አለች።

እኔማ እጾማለሁ አልኳት። ሳህኑን በቀስታ ወደ እኔ ገፋችው። አርባ ዓመት በትዳር ስንኖር ብቻዬን ጎርሼ አላውቅም፤ አሁን ልሞት ስል ልማር ወይ? አለች። ቁጣ የለባትም፤ እንደ ቀላል ነገር ነው የተናገረችው። የጎረቤት ሕፃን ልጥራ ብል፣ በጾም ልጁን ፍስክ አሸተተብኝ ከምትል እናት ጋር መጣላት ነው። ዓሣው በረደ፤ ቆዳውም ለዘበ። ድመታችን ያን ሰሞን ጾም አልያዘችም።

የሺ ከቀን ወደ ቀን ከቀሚሷ እያነሰች ሄደች። ክንዷን ስይዝ ጣቶቼ ተጋጠሙ። ሙሉ ልምጣ ብትል፣ ያን ጊዜ ሥራዋን ትታ መምጣት አልቻለችም። ወደ ቄስ ሞገስ ተመለስኩ። አባቴ፣ ለእኔም ይፍቱልኝ፤ አንድ ጉርሻ ብቻ፣ እንድትበላልኝ፣ አልኳቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«አንተን ምን አመመህ?» አሉኝ።

እጅ ነሥቼ ወጣሁ። መልሱን ቤቴ እስክደርስ ስፈልገው ነበር፤ እሷን ያመማት ነው እኔን ያመመኝ ማለት እንደነበረብኝ የገባኝ በሬን ከከፈትኩ በኋላ ነው። መልሴ ሁልጊዜ ከእኔ ዘግይቶ ይደርሳል።

የገና ሰሞን ደረሰ። ተሳላሚው በእግርም በመኪናም ላሊበላን ሞላት። በዚያ ሰሞን አንድ ጠዋት የመጨረሻዎቹን ሁለት የዓሣ ቁራጮች ከሲሳይ አምጥቼ አንደኛውን ጠበስኩ። የሺ ፊት ተቀመጥኩ። ልቤ ቆርጧል። ጾሙን እፈታለሁ፣ ንስሐውን በኋላ እሸከማለሁ ብዬ ከቆዳው ጫፍ ቆርሼ ወደ አፌ አነሣሁ። ያቺ ክንዷ የመነመነ ሴት እጄን ያዘችኝ። ጉልበቱን ከየት እንዳመጣችው አላውቅም።

«አንተ በእኔ ሰበብ ሲኦል ብትወርድ፣ እኔ እዚያ ላይ ከማን ጋር ልበላ ነው?» አለች።

ቁራሹን ሳህኑ ላይ መለስኩት። ሁለታችንም ዓሣው ሲበርድ እያየን ተቀመጥን። ከጸለይኩት ጸሎት ሁሉ አጭሩን የጸለይኩት ያን ጊዜ ነው፤ «ጌታዬ፣ ሰው ላክ» አልኩ። ማንን እንደሚልክ ግን አልነገርኩትም።

ደጁ ተንኳኳ። እግራቸው ያበጠ አንዲት ተሳላሚ እናት፣ ከኋላቸው ጓዛቸውን የተሸከመ ጎልማሳ ሰው። ተሳላሚ ሲመጣ እግር ማጠብ የአባቶቻችን ወግ ነው። ውኃ አሙቄ የእሳቸውን አጠብኩ፣ መደብ ላይ አጋደምኳቸው፤ ወዲያው ተኙ። ከዚያ የጎልማሳውን እግር ያዝኩ።

«ኧረ አባባ፣ እኔ ተሳላሚ አይደለሁም፤ ያመጣኋቸው ሹፌር ነኝ። ሰይድ እባላለሁ፣ የመርሳ ልጅ» አለ እግሩን እየሰበሰበ።

ውኃው አንዴ ሞቋል፣ አቧራም ስም አይጠይቅም አልኩትና አጠብኩት። አንገቱን ደፍቶ ታጠበ። ቀና ሲል አፍንጫው ሳህኑን አገኘው። የሺ እንግዳ ከገባ ሕመሟን ትረሳለች፤ ሽሮ ላምጣልህ እንዳልል ጉልበት የለኝም፣ ይህ ደግሞ ሥጋ ነው፣ አንተ የእኛን ሥጋ አትበላም፣ እያለች ይቅርታ ጠየቀችው። ወሎ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። አብረን እናለቅሳለን፣ አብረን እንድራለን፤ ሲታረድ ግን በግ ለየብቻ ነው፤ እነሱም በእነሱ ቢላ፣ እኛም በእኛ ቢላ።

ሰይድ ሳህኑን ጠጋ ብሎ አየው።

«ዓሣ አይደለም እንዴ እማማ? ዓሣን ደግሞ ማን አርዶት ያውቃል?»

 እኔ የሺን አየሁ፣ የሺ እኔን። ዕድሜያችንን በሙሉ ከማን ጋር ሥጋ እንደማንበላ እናውቅ ነበር፤ ቢላ ያልነካው ሥጋ እንዳለ ግን ትዝ ብሎን አያውቅም። ዓሣ በማናውቅ አገር ማን ያስታውሰናል?

ካልበላች ምን እንደምትሆን ሐኪሙ ያለውን፣ ለምን ብቻዋን እንደማትበላ፣ እኔ ለምን እንደማልበላ ነገርኩት። ብዙ አልጠየቀም። ተነሥቼ ሁለተኛውንም ቁራጭ አደረቅኩ፣ ጠበስኩ፤ የበረደውንም መልሼ ነፋሱ ውስጥ ከተትኩት፤ ቆዳው እንደገና ነቃ። ሰይድ «አብሽሩ እማማ» እያለ ከአልጋዋ ሥር በርከክ አለ። እሱ ቢስሚላሂ አለ፤ እሷ አማተበች። የደረቀውን ቆዳ ከመሐል ሲሰብረው ተንኮሻኮሸ። ግማሹን አጎረሳት። አላመጠችው። ዋጠችው። ከዚያ እሷ ደግሞ እሱን አጎረሰችው። ሳህኑ ነጭ ሆኖ ቀረ። ድመቷ ቅር ብሏት ወጣች።

እኔ ማስታጠቢያውን ይዤ ቆሜ ነበር። አባቴን አሰብኩት፤ በዚያች የብልባላ መንገድ እንዲህ ያለ ሰው ቢያልፍ ኖሮ።

እጁን አስታጠብኩትና እስከ ደጅ ሸኘሁት። ሥጋ ቤቱ ውስጥ የቀረ የለምና፣ ሙሉ በነገው አውሮፕላን ሌላ ዓሣ እንደምትልክልኝ፣ ግን በዚያ ጊዜ እሱ እንደማይኖር በሆዴ እያብሰለሰልኩ ነበር። ፊቴ ላይ አነበበው መሰለኝ። መኪናዋ ተሳላሚውን እስክትመልስ ከተማው ውስጥ ቆማ እንደምትቆይ ነገረኝ። ከዚያ ጫማውን እያጠለቀ እንዲህ አለኝ፦

«አባባ፣ እርስዎ ጾምዎን ይጨርሱ፤ እስከ ገና ድረስ እኔ እበላልዎታለሁ።»