ስለ ቀለህ የተቀመጠ ሽምግልና

በአገራችን ሥራ የሌለው ሰው ሥራ ፈት ይባላል። እዚህ ሚኒሶታ ደግሞ ሥራ እያለው ሌላ የማይከፈልበት ሥራ የሚጨምር ሰው «ሆቢ አለው» ተብሎ ይከበራል። አንዱ በዚያ ብርድ የሐይቁን በረዶ ሰርስሮ ዓሣ ያጠምዳል፤ ያጠመደውን መልሶ ይለቀዋል። ማንም ምን ነካህ አይለውም። እኔም አገሩን ልምሰል ብዬ አንድ ሆቢ ያዝኩ። መያዙ ቀላል ነው። ሽማግሌ የሚያስፈልገው ለመተዉ ነው።

የእኔ ሆቢ የተተኮሰ ጥይት ቀለህ መልሶ መሙላት ነው። አትደንግጡ፣ ሕጋዊ ነው። ነገሩ የጀመረው በይሉኝታ ነው። የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነኝ፤ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ዒላማ ተኩስ ወደሚለማመዱበት ቦታ ይዞኝ ሄደ። ሰዉ ይተኩሳል፣ ቀለሁ ወለሉ ላይ ይንከባለላል፣ ባለቤቱ ዞር ብሎ ሳያየው ይሄዳል። እኔ ደግሞ ያደግኩት ጥይት እንደ ልጅ በሚሳሳለት አገር ነው። አባቴ አንዲት ጥይት ከተኮሰ ቀለሁን ፈልጎ ሳያነሳ ቤቱ አይገባም ነበር። ስለዚህ ጎንበስ ብዬ ለቀምኩ። የራሴን ስጨርስ የሰውንም ለቀምኩ፤ ቃርሚያ ነውር አይደለም። ኪሴ አብጦ ስወጣ ባልደረባዬ «ሪሎድ ታደርጋለህ እንዴ?» አለኝ። ታዲያ ለምን ለቀምከው እንዳይለኝ፣ አዎ አልኩት።

አዎ ካሉ በኋላ ማድረግ ነው። ብሩክሊን ፓርክ ያለው ቤታችን ቤዝመንት ውስጥ ጠረጴዛ ቆመ፣ እጀታዋን ወደ ታች የሚስቧት መጭመቂያ ማሽን ተገዛች። ቀለሁ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ በዓይነት በዓይነቱ ይለያል፤ ባሩዱ ይመዘናል። ለባለቤቴ ለአዜብ «ቁጠባ ነው» አልኳት። ለሚስታችሁ ቁጠባ ነው ያላችሁትን ነገር ወጪውን አትደምሩ።

የከፋው ግን ጊዜው ነው። አዜብ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ ሁለታችንም የምናርፈው ቅዳሜ ብቻ ነው። ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ ቤቱ ለሁለት ሰው ቀርቷል፤ እሷ ላይ፣ እኔ ታች። ጠዋት እወርዳለሁ፣ ሲመሽ እወጣለሁ። ዒላማ ልምምዱን እንኳ ትቼዋለሁ፤ የሞላሁትን የምተኩስበት ጊዜ ከየት ይምጣ፣ እየሞላሁ ነዋ። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል። እኔ መቅደዱን ትቼ መስፋት ብቻ ይዣለሁ። ልተወው ወይስ ልቀጥል እያልኩ አንድ ክረምት ሙሉ አሰብኩበት። የማስበውም እዚያው፣ እየሞላሁ ነበር።

አዜብ አልጮኸችም። ሽማግሌ ጠራች። የዚህ አገር ባልና ሚስት ሲቀያየሙ ካውንስሊንግ ይሄዳሉ፤ የእኛ ካውንስሊንግ ራሱ መጥቶ፣ በር ላይ ጫማውን አውልቆ ይገባል። ጡረታ የወጡት ጋሽ ታደሰ ከፍሮግታውን ሰፈር መጡ፤ ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹና አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ወንድም ታከሉ።

«አዜብዬ፣ እስቲ ቅሬታሽን ተናገሪ» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ጋሼ፣ እኔ ተው አላልኩትም» አለች። «ቅዳሜ ላውንድሪ ፎልድ አደርጋለሁ፣ ቤቱን ክሊን አደርጋለሁ፣ ከዚያ ብቻዬን ቁጭ እላለሁ። እሱ ታች ነው። አንድ ቀን እንኳ ነይ ውረጂ ብሎኝ አያውቅም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የእኛ ሽማግሌ ሰምቶ ነው የሚፈርደው፤ ፍርዱን ግን ብዙ ጊዜ ከመኪናው ሲወርድ ይዞት ነው የሚመጣው።

«ይተውልኝ ማለቷ ነው» አሉ ጋሽ ታደሰ። ሁለቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም አንገቴን ደፋሁ። አዜብ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተችና ትታው ምሳ ልታቀርብ ተነሳች።

ሽማግሌዎቹ የጠቡን መነሻ እንይ ብለው ወረዱ። ጋሽ ታደሰ እጀታዋን ይዘው ሳቡ። «ይህቺ ናት ቤት የምታፈርሰው?» አሉና ደግመው ሳቡ። ምሳ ቀረበ ተብለው ሲጠሩ አልሰሙም። በመጨረሻ «ዓይንህ እያያት አትተዋትም፤ እኔ ጋ ትቀመጥ» ብለው ማሽኗን ከነጓዟ በኦቦ ገመቹ ፒክአፕ አስጭነው ሄዱ።

ቅዳሜ ነፃ ወጣ። ከአዜብ ጋር ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ስለ አየሩ አወራን፤ አየሩ አለቀ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የቅመም ጣሳዎቿን በቁመት ደረደርኩላት። ከዚያ ደግሞ የፎጣ አጣጠፏ ጫፍ ለጫፍ እንደማይገጥም አሳየኋት። «ኦቨርታይም የለም እንዴ?» አለችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ልጃችን ከወጣች ወዲህ ከሚስቴ ጋር ምን እንደምናወራ ጠፍቶኛል። ታች ያስቀመጠኝ ባሩድ ብቻ አልነበረም።

ሰሞኑን ስልክ ተደወለ። የጋሽ ታደሰ ባለቤት እትዬ ብርቄ ናቸው። «ልጄ፣ ሰውየው ጋራዥ ገብቶ ቀረ። አንተን ስለ ዳኘህ አንተም ዳኘው» አሉኝ። ሽማግሌ ሆንኩ ማለት ነው።

«እኔም እሄዳለሁ» አለች አዜብ፣ ቁልፉን አንስታ።

ፍሮግታውን እስክንደርስ ስለ ጋሽ ታደሰ አወራን፣ ሳቅንም። እንዲያ ካወራን ቆይተናል። ደርሰን ጃኬቴን ላወጣ የመኪናችንን ትራንክ ስከፍት ከጃኬቴ በቀር ባዶ ነው፤ የኋላ ወንበሩ ታጥፏል፣ ላዩ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ተነጥፏል።

«ይሄ ለምንድን ነው?»

«ለማሽኗ» አለች። «ታች ሁለተኛ ወንበር አውርጃለሁ። ከእንግዲህ ነይ እስክትለኝ አልጠብቅም።»

በር ላይ ጫማዬን አወለቅኩ። ጉሮሮዬን ጠራርጌ ተቀመጥኩና እትዬ ብርቄን «እስቲ ቅሬታዎን ይናገሩ» አልኳቸው። ብዙ ተናገሩ። እኔም እስከ መጨረሻው አዳመጥኳቸው፤ ፍርዱን ግን ከመኪናው ስወርድ ይዤው ነበር የገባሁት።