ድምፅ የሌለው ሰርገኛ

ድምፅ የሌለው ነገር ሁሉ ተንኮለኛ ነው! ድመትን ተመልከቱ። ምስጥን ተመልከቱ። ተቆጥቶ ዝም የሚል ባል… እሱን ተዉት፣ የቤቴን ጉዳይ አደባባይ አላወጣም። የዘንድሮው ዝምተኛ ግን የኤሌክትሪክ መኪና ነው። መንገድ ስትሻገሩ እንደ ሌባ ከኋላችሁ ይመጣል፤ ቀሚሳችሁን ሲነካ ነው "ለካ መኪና ኖሯል!" የምትሉት። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰውዬ እዚህ ሎስ አንጀለስ የፌርፋክስን መንገድ ተሻግሮ አያውቅም።

ዘመኑ የእነሱ ነው ይላሉ። ያ እያጓራ የሚሄደው፣ ስምንት ሲሊንደር ያለው፣ እዚህ አገር "ማስል ካር" የሚሉት ደረተ ሰፊ መኪና ቀስ በቀስ እየጠፋ ነው። ድሮ ቢሆን "እሰይ!" እል ነበር። አሁን አልልም። ለምን እንደሆነ ስሙኝ።

ከእኔ ቤት ሁለት መንገድ ዝቅ ብለው ጋሼ ኃይሉ የሚባሉ ጡረተኛ ይኖራሉ። ደርባባ፣ ቁጥብ፣ ቃል ከአፋቸው የማይወጣ ሰው ናቸው። ንግግሩን ሁሉ የምትናገርላቸው ቀይዋ መኪናቸው ናት። እሳቸው እዚያ ቁልፍ ሲያዞሩ እዚህ የእኔ ማንኪያዎች መሳቢያ ውስጥ ይንቀጠቀጣሉ። ነዳጅ ሲረግጡማ ጥግ ይዘው የቆሙ መኪናዎች አላርማቸው ይጮሃል፣ ውሾች ያላዝናሉ፣ እኛም "ጋሼ ኃይሉ ወተት ሊገዙ ወጡ" እንላለን። ፌርፋክስ ላይ ካለው የሐበሻ ሬስቶራንት በር ላይ ያቆሟት እንደሆነ ወንዶቹ ኮፈኗን አስከፍተው ይከቧታል። አንዱ "ካርቡራተሯ ነው"፣ ሌላው "የለም፣ ማርሚታዋ ነው" ሲባባሉ ማኪያቶው ይቀዘቅዛል። አንድ ቀን አንድ ወጣት አዲሱን የኤሌክትሪክ መኪናውን ይዞ መጣና ኮፈን አስከፈቱት። ባዶ! ሞተር መኖር ባለበት ቦታ የጂም ቦርሳ ተቀምጧል። ወንዶቹ ጎንበስ ብለው አዩ፣ ተያዩ፣ ከዚያ እንደ ለቀስተኛ አንገታቸውን ደፍተው ተበተኑ።

ያቺን ቀይ መኪና ስንት ዓመት ረገምኳት! ያልረገምኳት ቀን ቢኖር፣ የጋሼ ኃይሉን ሚስት ስረግም የዋልኩበት ቀን ነው።

የሚስታቸውን ስም አልጠራም። እኔ የሰው ስም በማንሳት አልታማም። አስካለ ትባላለች።

ልጄ ያገባ ጊዜ ሙሽራዋ የአስካለ ዘመድ ነበረች፤ ልንወስዳት ፓሳዴና ሄድን። መቼም ወጉን ታውቁታላችሁ፦ የወንድ ወገን ሲመጣ የሴት ወገን በር ይይዛል። ትንሽ ይዘፈናል፣ ትንሽ ይለመናል፣ ይከፈታል። አስካለ ግን በር አልያዘችም፣ ድንበር ዘጋች! ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እኔ አዲስ ጫማ አድርጌያለሁ።

"የሙሽራው እናት ካልጨፈረች በሩ አይከፈትም!" አለች።

"አስካለ፣ በእግዜር፣ ጫማው እግሬን ጨርሶታል…"

"አውልቀሽ ጨፍሪያ!"

አወለቅኩ። ጨፈርኩ። በባዶ እግሬ፣ በጋለ ሲሚንቶ ላይ! እስክስታ ይሁን ቃጠሎ እኔም ለይቼ አላውቀውም። አስካለ ታዲያ ስልኳን አውጥታ ቀዳችኝ። ሳምንት ሳይሞላ ፌርፋክስ ላይ ቪዲዮውን ያላየ አልነበረም። እስከ ዛሬ በርበሬ ልገዛ ስገባ ባለሱቁ ሰላምታውን የሚሰጠኝ በትከሻው ነው። የወጋ ቢረሳ፣ የተወጋ አይረሳም!

እግዚአብሔር ግን አይተኛም። ዘንድሮ፣ የሟች እህቴ ልጅ ማክዳ፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እኔው ያሳደግኳት፣ "ላገባ ነው" አለችኝ።

"ማንን?"

"ናቲን።"

"የማን ልጅ ነው?"

"የጋሼ ኃይሉና የእትዬ አስካለ።"

ሌላ አክስት ብትሆን ፍራሽ አንጥፋ ትቀመጥ ነበር። እኔ ግን እልልታዬን አቀለጥኩት! ማክዳ "አክስቴ፣ ሶ ሃፒ ነሽ!" ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። የደስታዬን ምክንያት አልነገርኳትም። ሁሉ ነገር አይነገርም።

አሁን በር የምይዘው እኔ ነኝ ማለት ነው። የሙሽራው እናት አስካለ ናት ማለት ነው። አስካለ በቤቴ በር ላይ ትጨፍራለች፣ እኔ እቀዳለሁ፣ ፌርፋክስ ያያል። ከዚያ ሰርግ ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረም። (ልጅቷ ደስተኛ እንድትሆንም እፈልግ ነበር፤ እሱማ የታወቀ ነው።)

ዝግጅቱን በጊዜ ጀመርኩ። "ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ" የሚባልብኝ ሴት አይደለሁም። የሰፈሩን ጉልበታም ሴቶች መረጥኩ። ከበሮ ተዋስኩ። ዘበኛ ግን ማቆም አላስፈለገኝም፤ ዘበኛዬ ቀይዋ መኪና ነበረች! ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባል የለ? ቂሙ የእኔ ነው፣ ሳሉ ደግሞ የእነ አስካለ። ያቺን መኪና ይዘው ሳይሰሙ እበሬ ድረስ ሊመጡ አይችሉም። ሴቶቹን አንድ ትእዛዝ ብቻ አስጠናኋቸው፦ "ማንኪያ ሲንቀጠቀጥ፣ ወደ በር!"

የሰርጉ ዕለት ጠዋት ያንኑ የፓሳዴናውን ጫማ አደረግኩ። ለዚሁ ቀን ያስቀመጥኩት ነው። ጫማውም ቂመኛ ኖሯል፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ እግሬን አሳበጠው። "እስኪመጡ ድረስ…" ብዬ አወለቅኩትና ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጨው ጨምሬ፣ እግሬን ሳፋው ውስጥ ነክሬ፣ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ሴቶቹ ኩሽና ናቸው። ማንኪያዎቹ ጸጥ ብለዋል። እኔም ጸጥ አልኩ።

በር ተንኳኳ። በረዶ የሚያመጣው ሰውዬ መሰለኝ።

"ግቡ! በሩ ክፍት ነው!" አልኩ፣ ዞር እንኳ ሳልል።

አዎ። በገዛ አፌ! እኔ ራሴ!

የብዙ ሰው ኮቴ ሰማሁ። ከዚያ ሽቶ ሸተተኝ። ከዚያ ሶፋዬ ሲንቋቋ ሰማሁ።

"ጤና ይስጥልኝ፣ ጽጌ" አለች አስካለ፣ ትራስ እያመቻቸች። "እኔ እኮ በር የሚያዝ መስሎኝ ነበር?… ሳፋ ነው እንዴ የሚያዘው?"

ሴቶቹ ከኩሽና ከበሯቸውን እየደለቁ ወጡ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ በእኔ ቤት ግን ጅቡ ገብቶ፣ ሶፋ ላይ ተደላድሎ፣ ለስላሳ ከቀረበለት በኋላ ነው ውሻው የጮኸው።

በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ፍሪጅ የመሰሉ ሁለት ነጫጭ የኤሌክትሪክ መኪናዎች፣ አንዱ አበባ ተለጥፎበት፣ ቆመዋል።

"ቀይዋስ?" አልኩት ናቲን። በርባንክ ፊልም ቤት ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ፣ መልከ መልካም ልጅ ነው፤ ጥፋቱ እናቱ ብቻ ናት።

"የዳዲ ካር በጣም ይጮሃል፣ እትዬ ጽጌ። ማሚ 'ለሰርግ ኖ' አለች። አላየሽም ስንገባ?"

"አላየሽም" አለኝ፣ በአንቺ። እሱንም አልረሳሁም።

"ዘመኑ የዝምታ ነው" አለች አስካለ። "ያቺን ቆርቆሮ ከሰርጉ በኋላ እናስወግዳታለን። ኃይሉም ተስማምቷል።"

ጋሼ ኃይሉ በሩ አጠገብ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። መስማማታቸውን እንጃ። ለልጃቸው ሰርግ የመጡ ሳይሆን ለመኪናቸው ቀብር የመጡ ይመስሉ ነበር። አይን ለአይን ተገጣጠምን። ሁለታችንም በአንድ ቀን፣ በአንዲት ሴት ተሸንፈናል።

ተበላ፣ ተመረቀ፣ ማክዳ እንደ ጨረቃ ሆና ወጣች። አለቀስኩ፤ ግማሹ ለእሷ ነው። እነሱ ወደ መኪናው ሲሄዱ እኔ በባዶ እግሬ እበሩ ላይ ቀረሁ። የኤሌክትሪክ መኪና እጀታ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደ ኤሊ አንገት ወደ ውስጥ ይገባል። አስካለ የመኪናውን ጎን በመዳፏ ትዳብሳለች፣ የሚያዝ ነገር የለም።

"ናቲ፣ ክፈተው እንጂ!"

"ፎኔን ስጪኝ፣ ማሚ።"

"ምን ስልክ አስፈለገህ? መጀመሪያ መኪናውን ክፈት!"

"ፎኑ እኮ ነው ቁልፉ! የሱቴ ኪስ ስፌቱ አልተፈታም ብዬ ላንቺ ሰጠሁሽ፤ ስንገባ በእጅሽ ነበር!"

አስካለ ነጠላዋን አራገፈች። የለም። ቀሚስ ኪስ የለውም።

"ደውሉለታ!" አለ አንዱ።

"ለሰርጉ ብዬ ሳይለንት አድርጌዋለሁ" አለ ናቲ።

መኪናው ዝም፣ ስልኩም ዝም! ዘመኑ የዝምታ ነው አላለችም?

"ሁለተኛው መኪናስ?" አልኩ፣ አዛኝ መስዬ።

"ሚዜዬ ቻርጅ ሊያደርገው ሄዷል። ሰልፍ ላይ ነው።"

ፀሐዩ አናት ይበሳል። እኔ ጫማዬን ላደርግ ወደ ውስጥ ገባሁ። ሶፋው ላይ፣ ልክ አስካለ የድል ዙፋን ባደረገችው ቦታ ላይ ስቀመጥ፣ አንድ ጠፍጣፋ ነገር ቆረቆረኝ። በሁለቱ ትራሶች መሃል ተሸጉጧል… የናቲ ስልክ!

አልደበቅኩትም። ልብ በሉልኝ፣ እኔ የሰው ዕቃ የምደብቅ ሴት አይደለሁም። ይዤው በሩ ላይ ቆምኩ እንጂ። አንድ እጄን በአንዱ መቃን፣ ሌላውን በሌላው መቃን አድርጌ።

"ስልኩ ተገኝቷል!" አልኩ።

"እሰይ! ወዲህ በይ!" አስካለ እጇን ዘረጋች።

"በር ተይዟል።"

"ምን?"

"የሙሽራው እናት ካልጨፈረች በሩ አይከፈትም።"

ከበሮው ከኋላዬ አንዴ ድም አለ። ልጆቼ የምላቸው ሴቶች፣ አይጥፉብኝ!

"ጽጌ፣ አብደሻል? በዚህ ጉልበቴ? በዚህ ፀሐይ?"

"አውልቀሽ ጨፍሪያ!"

ማክዳ "አክስቴ፣ ፕሊስ!" ትላለች። ግን አፏን በአበባው ሸፍና እየሳቀች ነው። ከፌርፋክስ ሰው መሰብሰብ ጀመረ፤ የሬስቶራንቱ አስተናጋጆች ሽርጣቸውን እንዳደረጉ፣ ባለሱቁም ትከሻውን እያሟሟቀ መጣ። አስካለ ግን አገጯን ቀና አድርጋ፣ እጆቿን አጣምራ ቆመች። ብትሞት አትጨፍርም። እኔም ብሞት ስልኩን አልሰጥም። ሙሽሮቹ መሃላችን ላብ በላብ ሆኑ።

በዚህ መሃል ጋሼ ኃይሉ የሉም። መሄዳቸውን ያየ ሰው የለም፤ የእሳቸው አካሄድ እንደ ኤሌክትሪክ ነው።

ከዚያ… ማንኪያዎቼ ተንቀጠቀጡ!

መጀመሪያ ከሩቅ እንደ ክረምት ነጎድጓድ ጉርርር አለ። ከዚያ አንድ አላርም ጮኸ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ የመንገዱ መኪና በሙሉ። ቀይዋ ታጥባ፣ አብረቅርቃ፣ ኩርባውን ዞራ ብቅ አለች። ለካ ሽማግሌው ቀደም ብለው አሳምረዋት ኖሯል! መንገዱ መሃል አቆሙና፣ ወርደው፣ የብረት ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ። የእሳቸው ኪስ ስፌቱ የተፈታ ነው። በሩን ከፈቱ።

"ልጄ፣ ግቢ" አሏት ማክዳን። ለዓመት የሚበቃ ንግግር ነው።

በእጄ የያዝኩት ስልክ ለምንም የማይበቃ ሆኖ ቀረ። በቀሌ በኖ ጠፋ ብዬ ደረቴን ልደቃ ስል፣ ጋሼ ኃይሉ ወደ መሪያቸው ተመልሰው ነዳጁን ረገጡ፦ ሩም! ሩም! ሩም-ሩም! ከበሮዋ ያለችው ሴት ምቱን ተቀበለችው። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔ ደግሞ አይኔን ከአስካለ አልነቀልኩም ነበርና አየሁ… ቀኝ ትከሻዋ ነቅነቅ አለ። ከዚያ ግራው። ከዚያ አንገቷ። ከዚያ፣ ወገኖቼ፣ አስካለ ጫማዋን ወርውራ፣ በባዶ እግሯ፣ በጋለ ሲሚንቶ ላይ፣ በቤቴ በር ፊት ለፊት እስክስታውን ወረደችው!

በኋላ ሲጠይቋት "ደንግጬ ነው" አለች። ድንጋጤ በምት አይንቀጠቀጥም!

እኔም ስልኬን አነሳሁ… ስልኬን? የያዝኩት የናቲን ነው። ተቆልፏል። የእኔው ኩሽና ነው፣ ማንኪያዎቹ አጠገብ። ሮጬ ይዤ ስመለስ አስካለ ጫማዋን አጥልቃ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እንደ ጳጳስ ቆማለች። ማክዳ ከጫጉላ ስትመለስ "አክስቴ፣ የተቆለፈ ፎንም እኮ ፎቶ ያነሳል" አለችኝ። ይህን ሳትነግረኝ ብትቀር ምን ነበረበት!

አስካለ አሁንም ቀይዋን ልታሸጣት ትሞክራለች አሉ። ጋሼ ኃይሉ እምቢ አላሉም፤ ቁልፉን አልሰጥም ነው ያሉት። መለዋወጫዋ አልቋል፣ ጠጋኟ ጡረታ ወጥቷል፣ ነገ ከነገ ወዲያ እሷም ዝም ትላለች። እስከዚያ ግን ማለዳ ማለዳ ማንኪያዎቼ ሲንቀጠቀጡ "እደጉ፣ ጋሼ ኃይሉ" እላለሁ።

ፌርፋክስ ላይ አስካለ "ማን ጨፈረ? እስቲ ቪዲዮውን አሳዩኝ!" እያለች ትዞራለች። ልክ ናት። ቪዲዮ የለኝም።

የጋዜጣ ዓምድ ግን አለኝ።