ክፉ ሰው ለኮሚቴ ይፈለጋል

እኛ ሰው አንመርጥም፤ የምንመርጠው ገጸ ባሕርይ ነው። ብትቆጡም ባትቆጡም እውነቱ ይሄ ነው! እኔ ምርጫ በመጣ ቁጥር ማይክሮፎን ይዤ ሕዝብ መሀል ስገባ የኖርኩ ዘጋቢ ነኝ፤ በስሜት አልናገርም። በቅርቡ የተወዳዳሪዎች ክርክር በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ቦሌ አንድ ካፌ ውስጥ ነበርኩ። ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል ሲከታተል የነበረ ጎልማሳ አጠገቤ ተቀምጧል። ጠየቅኩት።

«ማን አሳመነህ?»

«መሀል ላይ ያለው።»

«ምን ብሎ?»

«ምን እንዳለ እንኳ በደንብ አልሰማሁም... ግን ያኛው ሲናገር እንዴት አድርጎ እንዳየው አላየህም? በዓይኑ ብቻ ነው የጨረሰው!»

ስለ ፖሊሲ ልጠይቀው ያዘጋጀሁትን ጥያቄ ዋጥ አድርጌ ሂሳቤን ከፈልኩ።

እናንተም አትሳቁ። እንኳን ለአገር፣ ለአንድ ሕንፃ ኮሚቴ ስንመርጥም ያው ነን። ይኸው ማስረጃዬ።

የምኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። በኛ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ማለት ውሃ በዝናው ብቻ የሚታወቅበት ቦታ ነው። ምክንያቱ ምስጢር አይደለም። ከታች ያለውን ሱቅ ተከራይቶ መኪና የሚያጥበው ሳሚ፣ ቱቦውን ከሕንፃው ዋና መስመር ላይ ቀጥሎታል። እኛ ጀሪካን ተሸክመን ደረጃ ለደረጃ ስናለከልክ፣ ታች አንዱ መኪና ለሁለተኛ ጊዜ ይለቀለቃል።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ሙሉጌታ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ደግነታቸው ልክ የለውም። አንድ ቀን «ዛሬ ይሄን ቱቦ አስነቅለዋለሁ!» ብለው፣ ፊታቸውን አጨፍግገው ወረዱ። ሲመለሱ አፋቸውን በመሀረብ እየጠረጉ ነው።

«እሺ ጋሽ ሙሉጌታ፣ ምን አለዎት?»

«ሻይ ጋበዘኝ። እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ መሰላችሁ!»

አዲስ ሰብሳቢ ይመረጥ ተባለ። ኤልያስ ወደ ታሪኩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ኤልያስ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖር ተዋናይ ነው። እሁድ እሁድ በሚታየው ተከታታይ ድራማ ላይ፣ በውርስ ቤት ምክንያት የገዛ እናቱን ከቤት ያስወጣ ጨካኝ ልጅ ሆኖ ይጫወታል። ክፉ ሥራ ሊሠራ ሲል አይጮኽም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይቅርታ» ይላል። ያቺን «ይቅርታ» ስንሰማ ሕንፃው በሙሉ «ወይኔ! ሊያደርገው ነው!» ብሎ ትራስ ያቅፋል። ሾላ ገበያ ሽንኩርት ሊገዛ ሄዶ ሻጯ «እናትህን ሜዳ ላይ ጥለህ ደግሞ ሽንኩርት ታማርጣለህ?» ብላ ባዶ ዘንቢሉን አስይዛ መልሳዋለች።

በእውነተኛ ሕይወቱ ግን... ደረጃ ላይ ሰው ሲያገኝ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚያሳልፍ፣ ሲያንኳኳ በሩን እንዳያመው የሚሰጋ የሚመስል ሰው ነው።

ምርጫው እሁድ፣ ሁሉም ከየአምልኮው ሲመለስ ግቢው ውስጥ ሆነ። እኔ «ጋዜጠኛ ነህ፣ አታዳላም» ተብዬ አስመራጭ ሆንኩ። ባለቤቴ ትዕግሥት ከኋላ ቆማለች። ጥቆማ ስጠይቅ፣ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት እትዬ አስካለ ቀድመው እጃቸውን አወጡ።

«ኤልያስን ጠቁሜያለሁ!»

«ምክንያትዎን ቢገልጹልን?»

«እናቱን ያባረረ ሰው አንድ ቱቦ መንቀል ያቅተዋል?»

ጭብጨባው አይጣል ነው! ኤልያስ ፊቱ በርበሬ መስሎ ተነሳ።

«ይቅርታ... እኔ እኮ አልችልም... ያ እኮ ትወና ነው...»

«እዩት! እዩት ሲያስመስል!» አሉ እትዬ አስካለ በአድናቆት። «ይቅርታ አለ! በቃ ሳሚ አለቀለት!»

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት? እኔን ግን የሙያ ልማዴ ተነሳብኝ። ሕዝብ በተሳሳተ መረጃ ድምፅ ሊሰጥ ነው! ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«የተከበራችሁ ነዋሪዎች፣ ለመረጃ ያህል... አቶ ኤልያስ እናቱን አላባረረም። እናቱ አብረውት ነው የሚኖሩት፤ ምሳቸውን የሚሠራውም እሱ ነው። በቅርቡ ደግሞ ሰው በሩ ላይ የጣለበትን ቆሻሻ ራሱ ጠርጎ፣ የጣለውን ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ በዓይኔ አይቻለሁ።»

አንዱ ከንፈሩን መጠጠ።

«እንዲህ ያለ ሰው ኖሯል እንዴ?» አሉ እትዬ አስካለ፣ የተበላሸ ዕቃ እንደተሸጠበት ሰው። «ኧረ ይቅርብን! ደግ ሰውማ አለን እኮ!»

ጋሽ ሙሉጌታ በሰፊ ድምፅ በድጋሚ ተመረጡ። ኤልያስ እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ አመሰገነኝ። ትዕግሥት ግን ሁለት ጀሪካን አምጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠች።

«አቶ እውነቱ፣ ውሃ ቅዳ።»

በማግስቱ ጠዋት ኤልያስ ባዶ ባልዲ ይዞ ወደ ሳሚ ወረደ፤ እናቱ የሚታጠቡበት ትንሽ ውሃ ሊለምን ነው። እኔም ጀሪካኔን ይዤ እዚያው ስለነበርኩ የምነግራችሁ ያየሁትን ነው። ሳሚ ተከራይ ስለሆነ ስብሰባው ላይ አልነበረም፤ እርማቴን አልሰማም። ድራማው ግን አንድም ክፍል አያመልጠውም።

ኤልያስ እንደ ልማዱ ድምፁን ዝቅ አደረገና «ይቅርታ...» አለ።

ሳሚ ስፖንጁን ጣለ።

«ጋሼ፣ በእናትህ...» ብሎ ጀመረና አፉን በእጁ ያዘ፤ በዚህ ሰው ፊት እናት መጥራት የባሰ ጣጣ እንደሆነ ትዝ ብሎት። «ማለቴ... እነቅለዋለሁ! አሁኑኑ እነቅለዋለሁ!»

«ኧረ ወንድሜ፣ እኔ አንድ ባልዲ ብቻ...»

«ባልዲው ደግሞ ለምንድን ነው? ጋሼ፣ ተወኝ! ይኸው፣ ነቀልኩት!»

አራተኛ ፎቅ ውሃ መጣ! ቧንቧችን አስነጠሰው፣ አሳለው፣ ከዚያ ውሃው ወረደ። ትዕግሥት እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔ ግን ውስጤ አላረፈም። ሳሚ እኮ ውሳኔ ላይ የደረሰው በተሳሳተ መረጃ ነው! ጫማዬን ማጥለቅ ስጀምር በሩ ሲቆለፍ ሰማሁ።

«ወዴት ነው?»

«አንድ ነገር ላስተካክል...»

«ዛሬ ከዚህ ቤት እውነት አይወጣም!»

እና ቁጭ አልኩ። ቁጭ ብዬም ያንን የካፌውን ጎልማሳ አሰብኩት። አልፈርድበትም። ክርክር ላይ አንዱ ዓይኑን ሲያፈጥ «ይሄ ነው የሚያስተካክልልን» እንላለን። ሰውዬው ቤቱ ገብቶ ድመቷን ከሶፋው ላይ ማስነሳት እንደሚያቅተው ማን ይነግረናል? የሚነግረን ቢመጣስ... ጀሪካን ነው የምናስይዘው።

ሰላም ሰፍኖ ነበር፤ እስከ ባለፈው እሁድ። በድራማው ላይ ጨካኙ ልጅ የእናቱን የቆየ ፎቶ ከመሳቢያ አገኘና... እንባው መጣ! ሕንፃው በድንጋጤ ደረቀ። በማግስቱ ጠዋት ሳሚ እያፏጨ ቱቦውን መልሶ ሊቀጥለው ሲያራግፍ እትዬ አስካለ በመስኮት አዩት።

«ሊታረቁ ነው! ጉዳችን ፈላ!»

የድራማው ደራሲ የካ አባዶ ነው የሚኖረው፤ ቃለ መጠይቅ አድርጌለት ስለማውቅ ቤቱን አላጣሁትም። ጋሽ ሙሉጌታ፣ እትዬ አስካለና እኔ ሽማግሌ ሆነን ሄድን። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲያስታርቁ የኖሩት ጋሽ ሙሉጌታ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ።

«ልጄ፣ ለሽምግልና ነው የመጣነው።»

«እሺ አባቴ፣ ማንን ከማን ለማስታረቅ?»

«ማንንም። ያንን ልጅ ከእናቱ እንዳታስታርቅብን ልንለምንህ ነው።»

ደራሲው ደንግጦ ወደ እኔ ዞረ፤ ነገር የማላጣምም ሰው መሆኔን ያውቃል። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ጥሩ ጣሪያ ነው።

«እንዴ! እናትየዋስ?» አለ። «በዚህ ብርድ ውጭ ናት እኮ!»

ጋሽ ሙሉጌታ፣ እኒያ ደግ ሰው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ይቅርታ» አሉ። «ክረምቱ ገብቶ ውሃ እስክናገኝ ትታገሥ።»