የየቡ ፈርዖን

ግብጾች ከንጉሥ በፊት ምን ነበራቸው? ከተማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር፣ እኔ ቤት ተከራይቶ የሚኖረው የታሪክ መምህር እንደሚለው፣ ወንዝና ገበሬ ነበራቸው። «ከዚያ ጋሼ፣ አንዱ ተነሥቶ ዓባይ የሚሞላው በእኔ ነው አለ። አመኑት። መንግሥት ሆነ» አለኝ። እንዲህ በቀላሉ? ብዬ ልከራከረው ስል አባ ፊጣ ትዝ አሉኝና ተውኩት።

አባ ፊጣ ከከተማ ወጣ ብለን ቡና በምናደርቅበት በየቡ የማድረቂያ ጎረቤቴ ናቸው። ሰማዩን አየት አድርገው «ሸራ አልብሱ!» ካሉ ዝናብ ይመጣል። እኛም ቡናችንን እንሸፍናለን። እያደር እሳቸው ሸራ መጎተቱን ተዉ። ከዚያ ወንበር መጣላቸው፣ ቀጥሎም ጥላ የሚይዝላቸው ሰው። ማን አዘዘ? ማንም።

ባለፈው ሳምንት «ግለጡት፣ ኢንሻአላህ ፀሐይ ነው» አሉ። ገለጥን። የዓመት ልፋታችን ማድረቂያ አልጋ ላይ እንደተሰጣ ዶፍ ወረደበት። ሁላችንም በንዴት ወደ ወንበሩ ሄድን። ዛሬስ አበቃላቸው አልኩ በልቤ።

አባ ፊጣ ከጥላው ሥር ቀና ብለው አዩን።

«ከመካከላችሁ ማነው እየተጠራጠረ የገለጠው?» አሉ።

እርስ በርስ ተያየን። እውነቱን ለመናገር፣ ያልተጠራጠረ አልነበረም።

«ዲፋማ አባ፣ ይቅር ይበሉን» አለ አንዱ።

ይቅር አሉን። ቡናው ሻግቶ በርካሽ ተሸጠ።

ቡናው የተሸጠ ዕለት ማታ ለመምህሩ ነገርኩት። «ታዲያ ምን አደረጋችሁ?» አለኝ።

ምን እናደርጋለን? ከየሸራችን ቆርጠን ለወንበራቸው ጣሪያ ሠራንላቸው።